ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ

አንድ ኮሌጅ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ተዳፋት ላይ የተሠራ በመሆኑ ከመኝታ ክፍል ወደ ካፌ ለመሄድ እንኳ ዳገት መውጣት ግድ ነበር። በዚህ ኮሌጅ ውስጥ ወለላ የምትባል የስፖርት መምህርት ታስተምር ነበር። የወለላ ዓይን የሚያርፈው ኳስ በሚያባርሩት ተማሪዎች ላይ ሳይሆን ከሜዳው ዳር ተቀምጠው የሌላውን ጃኬት በሚጠብቁት ላይ ነበር። እንዲህ ያሉ ተማሪዎች የሌሉበት ግቢ የለም። አንዱ አስም አለበት፣ አንዷ ታፍራለች፣ አንዱ ሲሮጥ ይሳቅበታል። ቡድን ሲመረጥ ስማቸው አይጠራም፤ እነሱም እንጠራለን ብለው መጠበቅ ከተዉ ቆይተዋል።

ከእነዚህ አንዷ ምንታምር ነበረች። በልጅነቷ ታማ ግራ እግሯ ቀጥኖ ስለቀረ ታነክሳለች። ከዚያ ውጪ ምንም አልጎደለባትም፤ ምላሷማ ተርፏታል። አንድ ቀን ወለላ አጠገቧ ቁጭ ብላ «ምን ዓይነት ጨዋታ ቢኖር ትጫወቻለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«የማያስሮጥ፣ ስሸነፍም ሰው በእግሬ የማያሳብብልኝ ጨዋታ ካለ ያምጡልኝ፣ ቲቸር» አለች ምንታምር።

ወለላ እንዲህ ያለ ጨዋታ ታውቅ ነበር። የወጥ ሳህን የሚያህል ዲስክ በእጅ ይወረወራል። ዲስኩ በወደቀበት ቦታ ቆመው እንደገና ይወረውሩታል፤ ሰንሰለት በተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ወደሚቀጥለው ቅርጫት ይኬዳል። ሁሉንም በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ሩጫ የለውም፣ ግፊያ የለውም፤ ቀስ ብሎ መራመድና ማነጣጠር ብቻ ነው።

ወለላ ከሥራ በኋላ ግቢውን እየዞረች አጠናችው። ዘጠኝ ቅርጫቶችን በዛፎቹ ጥላ ሥር በሐሳቧ ደረደረች። አንዱ ቅርጫት ካለቀበት ጥግ የሚቀጥለው ይጀምራል፤ የመጨረሻውም መጀመሪያ ከተነሡበት በር አጠገብ መልሶ ያደርሳል። ዳገቱ የሚወጣው አንዴ ብቻ ነበር። በዚህ መንገድ ምንታምር እግሯን ሳያማት ዙሩን ትጨርሳለች ብላ አሰበች፤ ደስም አላት። ንድፏን ይዛ የኮሌጁ ዲን ዶክተር አንዳርጌ ዘንድ ገባች። ዲኑ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሐሳቡን ወደዱት፣ ፈቀዱ፣ ቅርጫቶቹም ተበየዱ።

ችግሩ የመጣው ከደግ ዜና ጋር ነው። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጫወቻውን መርቀው ሊከፍቱ እንደሆነ ተሰማ። ግቢው ሠርግ የደረሰበት ቤት መሰለ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ሁሉ ኖራ ተቀባ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኮሚቴውም ንዑስ ኮሚቴ ወለደ። ዲኑ ወለላን አስጠሯትና ንድፏን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው አንድ ጥያቄ ጠየቋት።

«ክቡር እንግዳው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ከዚህ ውስጥ ምኑን ያያሉ?»

«የመጀመሪያውን ውርወራ ያያሉ። ከዚያ ተጫዋቾቹ ወደ ዛፎቹ ይገባሉ» አለች ወለላ።

«ይገቡና?»

«ይጫወታሉ።»

«እሳቸውን ዛፍ ሲያዩ እንዲውሉ ነው የጠራናቸው?» አሉ ዲኑ። «ይኼማ ነውር ነው።»

ስለዚህ ንድፉ ተገለበጠ። መጀመሪያ ድንኳኑ የሚተከልበት ቦታ ተመረጠ፤ ጨዋታው ከዚያ በኋላ መጣ። የዘጠኙም ቅርጫቶች የመወርወሪያ ሲሚንቶ ከድንኳኑ ፊት ለፊት በአንድ ረድፍ ተለሰነ፤ ወርዋሪው ሁሉ በክቡር እንግዳው ዓይን ሥር እንዲቆም ነው። ቅርጫቶቹ ደግሞ ከዚያ ተነሥተው እንደ ጃንጥላ ሽቦ ወደየአቅጣጫው ተበተኑ። አንድ ሰው ወርውሮ፣ ዲስኩን ተከትሎ ሄዶ ቅርጫቱ ውስጥ ካስገባ በኋላ፣ ለሚቀጥለው ውርወራ ያንኑ መንገድ ባዶውን ተመልሶ ድንኳኑ ፊት መቆም አለበት።

«ይኼ እኮ ግማሹ ጨዋታ ግማሹ መመለስ ነው። ያውም በዚህ ዳገት» አለች ወለላ።

«ወለላዬ፣ ለምረቃው ቀን ብቻ ነው። በኋላ እናስተካክለዋለን» አሏት ዲኑ።

በኋላ! አገር ምድሩ የዚህችን ቃል መምጣት ይጠብቃል፤ እሷ ግን መንገድ ላይ ናት።

ምረቃው አማረ። ጥብጣቡ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣ። ክቡር እንግዳው ራሳቸው አንዲት ዲስክ ወርውረው ከቅርጫቱ ብዙ ሳትርቅ ወደቀችላቸው፤ በዚያም ተጨበጨበ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ተማሪዎቹ ሲወረውሩ እየተመለከቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው በሄዱ በሰዓቱ የኪራይ ወንበሮቹ መኪና ላይ ተጫኑ፣ ድንኳኑም ተነቀለ። በቦታው ስማቸው የተቀረጸበት እብነ በረድ፣ የሲሚንቶው ረድፍና ሣር ቀሩ።

የቀሩት ተማሪዎችም ነበሩ። ወለላ የሰበሰበቻቸው እነዚያ ዳር ተቀማጮች በየአመሻሹ መጡ። ምንታምር ከሁሉ በለጠች። ዲስኩ ከእጇ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሰንሰለቱ ሲንሿሿ ፊቷ ላይ ከዚያ በፊት ማንም ያላየው ነገር ይታይ ነበር። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው መመለሻ ነው። ወደ ሦስተኛው ቅርጫት የሚወረወረው ዲስክ የካፌውን በር ስለሚያቋርጥ ትሪ የያዘው ሁሉ ጎንበስ እያለ ያልፋል። አምስተኛው ከሴቶች መኝታ ክፍል ኋላ በመሆኑ ዲስኩ ከተሰጣ አንሶላ መሃል ይለቀማል፤ ስድቡም አብሮ። ሰባተኛው ከቦዩ ማዶ ነው፤ ክረምት ሲገባ እሱን መጫወት ጫማ መገበር ነበር። ይህ ሁሉ ባልከፋ። የሚያደክመው እየሠመረላቸው መመለሳቸው ነው። ደህና የወረወረም ክፉ የወረወረም እኩል ተመልሶ ያንን ዳገት ይወጣል፤ ወጥቶም ባዶ ሣር ፊት ይቆማል። ሌላው ይቅርና፣ አንዳንዶቹ ጥሩ ሲወረውሩ ዞር ብለው ድንኳኑ የነበረበትን ቦታ ማየት ለምደው ነበር።

ወለላ ወደ ዲኑ ተመላለሰች። ዲኑ ግን ወይ ፍንክች!

«ክቡር እንግዳው መርቀው የከፈቱትን እኔ ማን ነኝና አፈርሰዋለሁ? ነገ ተመልሰው ቢመጡስ?» አሉ። እንዲያውም ጋሽ ደምሰው የሚባሉትን የግቢውን ጥበቃ ጠርተው፣ ማንም ከሲሚንቶው ውጪ ቆሞ እንዳይወረውር ይጠብቁ ዘንድ አዘዟቸው። ወለላ ከዚያ ወዲህ ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እህሉ ላይነቅዝ ይችላል፤ ዝም ያለው ሰው ግን ከውስጥ ይነቅዛል።

ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ቀሩ። አስም ያለበት ልጅ መጀመሪያ ቀረ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ። ወሬውም ተጀመረ፤ «ተማሪው አልወደደውም፣ ብረቱ ይነቀልና ቦታው የመኪና ማቆሚያ ይሁን» ተባለ። ምንታምር ግን አልቀረችም። ከዚህ ከቀረች የምትመለሰው ወደ ጃኬት ጥበቃ መሆኑን ታውቃለች። አንድ ምሽት ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ እግሯን በሁለት እጇ እያሸች ሳለ ወለላ መጣች።

«ቲቸር፣ አሁን እዚህ ማን ነው የሚያየን?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለማን ብለን ነው የምንመለሰው?»

ወለላ አጠገቧ ተቀመጠች። «ትንሽ ታገሺ» አለቻት። ይህን ስትል የዲኑን ቃል በራሷ አፍ የተናገረች መሰላትና አፈረች።

ትንሽ የተባለው ሦስት ዓመት ሆነ። ምንታምር ልትመረቅ ጥቂት ሲቀራት፣ ክቡር እንግዳው አዲስ የተሠራ ቤተ ሙከራ ሊመርቁ ተመልሰው መጡ። ዲኑ ደስታቸውን አልቻሉትም። «ወለላ፣ አላልኩሽም? ይኸው መጡ!» አሉና ድንኳኑን እዚያው የድሮ ቦታው ላይ አስተከሉት። እስካሁን የሚጫወቱት አራት ብቻ ነበሩ፤ ብዙ እንዲመስሉ ከእግር ኳስ ቡድኑ ሰው ተበደሩ።

ክቡር እንግዳው ግን ያልታሰበ ነገር ተናገሩ። «ባለፈው አንዲት ወርውሬ ነው የሄድኩት። ዛሬ እስከ መጨረሻው ልጫወት» አሉና ኮታቸውን አወለቁ። በመጀመሪያው ሣቁ። በሁለተኛው ሣቃቸው ቀነሰ። ሦስተኛውን ጨርሰው፣ በካፌው በር አልፈው፣ ዳገቱን ወጥተው ሲሚንቶው ላይ ሲደርሱ በመሐረብ ግንባራቸውን እየጠረጉ ለመተንፈስ ቆሙ።

«ለምንድን ነው ሁልጊዜ ወደዚህ የምንመለሰው? ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሠራው?» ብለው ጠየቁ።

ዲኑ አሳላቸው። ኮሚቴው መሬት መሬት አየ። ያን ጊዜ ምንታምር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረብ አለች።

«ለእርስዎ ነው የተሠራው፣ ክቡርነትዎ። ከወንበርዎ ሆነው እንዲያዩን።»

ክቡር እንግዳው አልተቆጡም። ሄደው ያን ጊዜ የተቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያም ወደ ተጫዋቾቹ ለማየት ሞከሩ። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ስለነበረ ፀሐይዋ ከተጫዋቾቹ ኋላ ቁልቁል ወርዳ ነበር። እጃቸውን አንሥተው ዓይናቸውን ከለሉ።

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ?» አሉ። «ያን ቀንም እንዲህ ነበረች። ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነበር። ጭብጨባ ሰማሁ እንጂ ምንም አላየሁም። ራሴን የነቀነቅሁት ሌላው ሲነቀንቅ ነው።»

ምንታምር አልሣቀችም፣ አላለቀሰችም። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለችና እግሯን ዘረጋች። ሰው ሲበደል ይናደዳል፤ ድካሙ ለማንም እንዳልነበረ ሲያውቅ ግን ለንዴትም አቅም ያጣል። ወለላ አጠገቧ ቆማ አንገቷን ደፋች። ክቡር እንግዳው ሲሄዱ ለዲኑ «አስተካክሉት» ብለው አዘዙ።

በማግስቱ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ኮሚቴውም ተሰበሰበ። ወለላም ያን የድሮ ንድፏን ከመሳቢያ አውጥታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ ልቧ ትንሽ ሞቅ ብሎላት ገባች። ዲኑ ስብሰባውን ከፈቱ። የመጀመሪያው አጀንዳም ቀረበ፦ መጫወቻው ተስተካክሎ በድጋሚ ሲመረቅ ድንኳኑ በየት በኩል ይተከል? አንዱ «ፀሐይዋን ከኋላው ያድርግ» አለ። ሌላው ደገፈው። ሦስተኛው የወንበሩን አቀማመጥ የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም አለ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ወለላ ንድፏን ሳትዘረጋው ጠቅልላ ወጣች።

ከውጪ ምንታምር እየጠበቀቻት ነበር። ዲስኩን በሁለት እጇ አቀረበችላት። «ይውሰዱት፣ ቲቸር። እግሩ ለሚችል ልጅ ይስጡልኝ» አለች።

ወለላ ዲስኩን አልተቀበለችም። ልጅቷን ክንዷን ይዛ፣ ሲሚንቶውን አልፋ፣ ቀስ እያለች እስከ መጀመሪያው ቅርጫት ድረስ ወሰደቻት። ቅርጫቱ አጠገብ ቆመችና በጫማዋ ተረከዝ አፈሩ ላይ መሥመር ጫረች። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ቅርጫት አመለከተች፤ በዛፎቹ መሃል ይታይ ነበር። ቅርጫቶቹ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ጫፎች እርስ በርሳቸው ቅርብ ለቅርብ ነበሩ። የራቁት ሁልጊዜ ከመሃል ሲነሡ ነው።

«ከዚህ ወርውሪ» አለች።

«መነሻው እዚያ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ጋሽ ደምሰው ዱላቸውን ይዘው እየተጣደፉ መጡ። «ቲቸር፣ ትእዛዙን ያውቁታል» አሉ።

«አውቀዋለሁ፣ ጋሽ ደምሰው። ግን ደክሞኛል።»

ሽማግሌው መልስ ፍለጋ ወደ ሲሚንቶው አዩ፣ ወደ ባዶው ሣር አዩ፣ የምንታምርን እግር አዩ። «እኔም እናንተ ስትመላለሱ ማየት ደክሞኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ዋናው በር አዙረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው ቆሙ።

ምንታምር ወረወረች። ከዚያ ቅርጫት ወደ ቀጣዩ፣ ከቀጣዩ ወደ ሌላው፣ በጥላ በጥላ ሄዱ። ዳገቱን አንዴ ብቻ ወጡት። ጀምበር ሳትጠልቅ በመጨረሻው ቅርጫት ላይ ሰንሰለቱ ተንሿሿ፤ ምንታምር እግሯን ሳትዳስስ ዙሩን ስትጨርስ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ወደ ድንኳኑ ቦታም ዞራ አላየችም። ግንድ ተደግፋ ቆመችና መምህርቷን አየቻት።

«ቲቸር፣ ይቺን መሥመር ለመጫር ነው ሦስት ዓመት የፈጀብን?»

«አዎ፣ ልጄ» አለች ወለላ። «ይቅር በይኝ።»

ታሪኩ ይኸው ነው። ዲኑን መውቀስ ቀላል ነው፤ ይወቀሱ። ለአንድ ቀን እንግዳ ዓይን የተሠራ ነገር በየቀኑ የሚኖርበትን ሰው እግር ይበላል። ግን ዲኑ ብቻቸውን አይደሉም። ቤታችንን ለጠያቂ ዓይን እንሠራለን፣ ትዳራችንን ለሠርገኛ ዓይን እንደግሳለን፣ ልጆቻችንን ለጎረቤት ዓይን እናሳድጋለን። ጠያቂው ሄዷል፣ ሠርገኛው ተበትኗል፣ ጎረቤቱም የራሱ ጉዳይ አለበት። እኛ ግን ጥሩ በሠራን ቁጥር እየዞርን ባዶውን ሣር እናያለን፤ የዛልነው ከሥራው ይልቅ በመመለሱ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ያ ተመልካች ድሮም ያላየን መሆኑ ነው፤ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ነበረች። መንገዱ ጠማማ መሆኑን እያወቁ «ትንሽ ታገሡ» የሚሉ ደጋግ ሰዎችም ከዕዳው ነፃ አይደሉም፤ አንዳንድ ነገር ኮሚቴ አይፈልግም፣ የጫማ ተረከዝ ይበቃዋል።

እስኪ እርስዎም ዛሬ ማታ አረፍ ሲሉ ያስቡት። በየቀኑ ደክሞዎት የሚመለሱበት ያ ቦታ፣ እውነት አሁንም ሰው ተቀምጦበታል? ወይስ ድንኳኑ ከተነሣ ቆይቷል?